የአምባዛ እስትንፋስና የገናሌ ጎርፍ

በቦሬ ደጋ የጣለው የበልግ ዝናብ ቁልቁል ወርዶ ገናሌን ባደፈረሰው ጊዜ፣ በነገሌ ቦረና ቆላ የወንዙ ዳር ሣር ውኃ መልበስ ሲጀምር፣ አምባዛ ሊራባ ጥልቁን ትቶ በሌሊት ወደ ዳር ይወጣል፤ በዓሣ ሙያ ለምንውል ሰዎችም የዓመቱ ታላቅ ግብር የሚፈጸመው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ዓሣ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪቱ ሥርዓት ከንጹሓን ወገን አልተቆጠረም፤ ከብት አርቢው ያገሬው ሕዝብም ከጥንት ጀምሮ ፊቱን ወደ ወተትና ወደ ሥጋ እንጂ ወደ ዓሣ ስላልመለሰ፣ አምባዛ ሳይከበር ኖሯል። እኔ ግን የስንጥቡን ክዳን ገልጬ፣ ከስንጥቡ በላይ ባለው ጓዳ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋውን ደም የሞላበትን ቀይ ሕዋስ ለወጣት አስጋሪዎች ሳሳያቸው፣ እጃቸውን ሰደው ሳይዳስሱት አያልፉም፤ ወንዙ ጎድሎ ኩሬው ጭቃ ብቻ ሲቀር፣ ሌላው ዓሣ ታፍኖ ሲያልቅ፣ አምባዛ ብቅ እያለ አየር የሚስበው በዚህ ነውና።

ገናሌ በዶሎ አጠገብ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ፣ ጁባ ተብሎ በኪስማዩ በኩል ወደሚገባበት ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ብንወርድ፣ ባለ ጢም የሆኑ የአምባዛን የባሕር ዘመዶች እናገኛለን። ከነዚህ አንዱን፣ ኔቱማ ታላሲና የሚባለውን፣ ጎንደር ድረስ ዘልቆ የነበረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከቀይ ባሕር አግኝቶ በ1837 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስታወቀው። የአምባዛ ጢም 8 ሲሆን የዚህ 6 ነው፤ በጭቃማው የባሕር ወለል ሸርጣንና ትንንሽ ዓሣ እየለቀመ ይኖራል፤ በጀርባውና በጎንና ጎኑ ያለው መጋዝማ እሾህም መርዝ አለው። ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚደንቀው የአባትነቱ ነገር ነው፤ እናቲቱ የጣለችውን ትልልቅ ዕንቁላል ወንዱ በአፉ ተቀብሎ፣ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ ድረስ ለሳምንታት ይጾማል።

አምባዛ እንዲህ ያለ ሞግዚትነት አያውቅም። ትልቋ እንስት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዕንቁላል በሰጠመው ሣር ላይ በትና ትሄዳለች፤ ውኃው ከሞቀ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የባሕሩ ዓሣ ዘሩን ለገዛ አፉ ሲያምን የእኛው ለጎርፉ አምኖታል፤ ጎርፉ ከቀረ አደራ ተቀባይ የለውም።

ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 110 ሜትር ከፍታ ያለውና 254 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ ለአገር ያመጣውን ብርሃን እያመሰገንሁ፣ ከግድቡ በታች ላለው ወንዝ በሚያዝያና በግንቦት ሣሩን የሚያለብስ ውኃ በየጊዜው እንዲለቀቅለት አጥብቄ እለምናለሁ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዘመን ሆኖታልና፣ አስጋሪዎቻችንም በእነዚያ ሳምንታት መረባቸውን ከዳሩ አንሥተው ወደ ዋናው ፈሳሽ ቢያዛውሩ፣ ለመውለድ የወጣችውን እንስት ከነዕንቁላሏ ከማውጣት ይድናሉ።