ለባዕድ አገር ኑሮ ስንቅ የሚሆኑ መጻሕፍት

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ተነሥቶ በባዕድ አገር ለመኖር ባሰበ ጊዜ፣ ለፓስፖርቱና ለቪዛው የሚደክመውን ያህል ለልቡናው ዝግጅት ሲደክም እምብዛም አይታይም፤ ነገር ግን ከደረሰ በኋላ የሚያውከው የልብስና የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የአገሩን ሕግና ሥርዓት አለማወቁ፣ በገዛ ራሱም ላይ የሚመጣውን የስሜት መለዋወጥ አስቀድሞ አለመረዳቱ ስለ ሆነ፣ ለዚህ የሚረዱትን መጻሕፍት በየተራቸው እናመለክታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው የሕግ ጽሑፍ ነው። ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶች የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ከማሻሻያው ከአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ጋር አስተያይተው ማንበብ፣ ማንበብ የማይችሉም ማስነበብ ይገባቸዋል። የ2008ቱ አዋጅ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ፣ የፓስፖርቱንና የሕክምና ምርመራውን ወጪ ደግሞ በሠራተኛው ላይ የመደበ ነውና፣ ይህን የተረዳ ሰው ደላላ የማይገባውን ገንዘብ ሲጠይቀው መልስ አያጣም። በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮችም የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ የሥራ ውሉን ቃል በቃል ሳያነቡ መፈረም ራስን አሳልፎ መስጠት ነው።

ከሕግ ቀጥሎ የሚመጣው ያልተጻፈው ሥርዓት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው «ዝምተኛው ቋንቋ» በተባለው መጽሐፉ፣ ሕዝቦች በአንደበታቸው ብቻ ሳይሆን በጊዜ አጠባበቃቸውና በመካከላቸው በሚተዉት ርቀት ጭምር እንደሚነጋገሩ በሰፊው ያትታል። ይህ ሐተታ ለእኛ እጅግ የቀረበ ነው፤ ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ስለምንቆጥር የእኛ የጧት 3 ሰዓት በሌላው ዘንድ 9 ሰዓት ነው፤ ቁጥሩን ማስተካከል በአንድ ቀን የሚለመድ ሲሆን፣ የቀጠሮ መዘግየት በአንዱ አገር በይቅርታ የሚታለፍ፣ በሌላው ግን እንደ ንቀት የሚቆጠር መሆኑን መገንዘብ ረጅም ትምህርት ይጠይቃል።

ስለ ውስጣዊው ሁከት የጻፈው ደግሞ ሌላው የሥነ ሰብእ ሊቅ ካሌርቮ ኦበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመው አጭር ጽሑፉ የባህል ድንጋጤ የተባለውን በአራት ደረጃዎች ከፍሎ ያስረዳል፤ በመጀመሪያ ሁሉ የሚያስደስትበት ወራት፣ ቀጥሎ ሁሉ የሚያስመርርበት፣ ከዚያም እየተጽናኑ የሚለምዱበት፣ በመጨረሻም አገሩን እንደ መኖሪያ የሚቀበሉበት ጊዜ ነው። እጅን አብዝቶ መታጠብ፣ ምግቡንና ውኃውን መጠራጠር፣ በጥቂት ነገር መቆጣት፣ አገር ቤትን ያለ ልክ መናፈቅ የዚህ ምልክቶች መሆናቸውን ያነበበ ሰው፣ ያ ጨለማ ወራት በደረሰበት ጊዜ ያልፋል ብሎ በትዕግሥት ይጠብቃል እንጂ ተስፋ አይቆርጥም።

የቀደሙትን መንገደኞች ማድመጥም ታላቅ ትምህርት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል፤ ይህም የሌላውን አገር በጎ ነገር በአክብሮት መመልከትን ያስተምራል። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ዲናው መንግሥቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ አብዮቱን ሸሽቶ በዋሽንግተን ትንሽ ሱቅ የከፈተውን ኢትዮጵያዊ ብቸኝነት ያሳያል። ስለ ውጭ አገር የምሥራቹን ብቻ ለሰማ ሰው ይህ መጽሐፍ ሚዛን ይሆነዋል።

ልጆች ያሉት ሰው በሁለት ባህል መካከል ስለሚያድጉ ሕፃናት ዴቪድ ፖሎክና ሩት ቫን ሬከን የጻፉትን ቢመለከት፣ መመለስ የሚያስብም መመለስ ከመሄድ ይልቅ ሊከብድ እንደሚችል ክሬግ ስቶርቲ የጻፈውን ቢያነብ ይጠቀማል።

ሆኖም አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከእነዚህ መጻሕፍት የሚበዙት በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ደመወዛቸው ተወስኖ በመሥሪያ ቤታቸው ጥበቃ ሥር ለሚጓዙ አሜሪካውያን የታሰቡ ናቸው፤ ሆል ራሱ ወደ ውጭ የሚላኩ የመንግሥት ሠራተኞችን ያስተምር ነበር። ከእኛ ወገን የሚበዛው ግን ጉልበቱን ይዞ፣ አንዳንዱም ነፍሱን ለማዳን የሚሰደድ ስለ ሆነ፣ ምክራቸውን እንደ ራሱ አቅምና ሁኔታ እየመዘነ ይውሰድ። ስለዚህ በዋሽንግተን፣ በቤይሩት፣ በሪያድና በቴል አቪቭ ብዙ ዘመን የኖራችሁ ወገኖች፣ የቤት ኪራይን፣ የሐኪም ቤትን፣ የአሠሪን ጠባይ፣ የልጅ አስተዳደግን በሚመለከት ያያችሁትን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ በአማርኛ ጻፉ፤ ከኋላችሁ የሚመጣው ወንድማችሁ እናንተ በመከራ የተማራችሁትን በንባብ ይማር ዘንድ ይገባዋልና።