እኛ ስንከራከር ሚስኪኑ እየጠበቀ ነው

የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲገቡ መስጂዶቻችን በሰጋጅ ይሞላሉ፤ ስልኮቻችን ደግሞ በክርክር። ከተራዊህ ተመልሰን ሱሁር እስኪደርስ ባለው ጊዜ ብዙዎቻችን የምንገልጠው ቁርኣንን ሳይሆን ቴሌግራምና ፌስቡክን ነው። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ከሚነሡት ርዕሶች አንዱ ዘካተል ፊጥር ነው፤ በእህል ይሰጥ ወይስ በገንዘብ? አንዱ የአንድ ኡስታዝ አጭር ቪዲዮ ይለጥፋል። ሌላው የሌላ ሼኽ ድምፅ ይልካል። ሦስተኛው «ይህን የሚል ሰው ዲኑን አያውቅም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ዘካው ይረሳና የሰው ስም ይነሣል። በቤተሰብ ግሩፕ የተጀመረ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ወንድማማቾችን ኢፍጣር ላይ ፊትና ጀርባ አድርጎ ሲያስቀምጥ አይተናል።

ጥያቄው ራሱ ነውር የለበትም። መልሱም ለሚሰማ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሙስሊሞች ላይ፣ በወንዱም በሴቷም፣ በትንሹም በትልቁም፣ አንድ ሷዕ ተምር ወይም ገብስ ደንግገዋል። ሰዎች ወደ ዒድ ሶላት ከመውጣታቸው በፊት እንዲሰጥም አዘዋል። ሷዕ አራት ሙድ ነው፤ ሙድ ደግሞ መካከለኛ ሰው ሁለት መዳፉን አጋጥሞ የሚያፍሰው ያህል ነው። በሚዛን ሲሰላ እንደ እህሉ ዓይነት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስድስት ነፍስ የሚያስተዳድር አባወራ በ2.5 ቢያሰላው 15 ኪሎ፣ ጠንቀቅ ብሎ በ3 ቢይዘው 18 ኪሎ ማለት ነው።

የሻፊዒይ፣ የማሊኪይና የሐንበሊይ መዝሀቦች «የአገሩ ሰው ከሚመገበው እህል ይሰጥ» ይላሉ። የሐነፊይ መዝሀብ ዋጋውን በገንዘብ መስጠት ይፈቅዳል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝም በገንዘብ እንዲሰበሰብ እንዳዘዙ ተዘግቧል። በአገራችን የሻፊዒይም የሐነፊይም ኪታቦች ለዘመናት ሲያስተምሩ ኖረዋል። እንግዲህ አንዱን የያዘ ሰው ሌላውን የያዘውን ወንድሙን ከዲን የሚያስወጣበት ምንም ምክንያት የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ኢብኑ ዐባስ ባስተላለፉት ሐዲስ የዘካተል ፊጥር ፋይዳ ሁለት ሆኖ ተነግሯል። አንደኛው ጾመኛውን ከፍሬ ቢስና ከጸያፍ ንግግር ማጥራት ነው፤ ሁለተኛው ሚስኪኖችን መመገብ ነው። ጾማችንን ከክፉ ንግግር እንዲያጠራልን የተደነገገውን ዘካ፣ ክፉ ንግግር የምንናገርበት ርዕስ ካደረግነው ምን ቀረን? ሁለተኛውስ? ሚስኪኑ የሚጠብቀው የክርክራችንን አሸናፊ አይደለም። የዒድ ጧት ልጆቹን የሚያበላውን ነው የሚጠብቀው። ሶላቱ ከተሰገደ በኋላ የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር ሳይሆን እንደ ማንኛውም ሶደቃ እንደሚቆጠር በዚያው ሐዲስ ተነግሯል።

ጭቅጭቅ የሚያሳጣን ይህን ብቻ አይደለም። በቡኻሪ እንደተዘገበው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለይለተል ቀድር መቼ እንደሆነች ሊነግሩ ወደ ሰዎች ወጡ። ሁለት ሙስሊሞች ሲጨቃጨቁ አገኙ፤ የሌሊቲቱም ዕውቀት ተነሣ። በሁለት ሰዎች ጠብ ምክንያት ኡመቱ በሙሉ ያንን ዕውቀት አጣ። ዛሬ በአንድ ግሩፕ ውስጥ የሚጣሉትን ሁለት ሰዎች ስንት ሰው እንደሚያነባቸው እናስብ።

«እንግዲያው ዝም ማለት ይሻላል፤ ዱዓ ብቻ እናድርግ» የሚሉ አሉ። ዱዓ የሙእሚን መሣሪያ ነው፤ ማንም አይንቀውም። ነገር ግን በመስጂድ ስም የማይታወቅ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲዘዋወር፣ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ዝም ቢል የሚዘረፈው የድሃ ሐቅ ነው። ዝምታ ሁልጊዜ ተቅዋ አይደለም።

በሱረቱ ጧሃ የተነገረን የነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምረናል። ወደ ፊርዐውን ሂድ ሲባሉ መጀመሪያ ያደረጉት ዱዓ ነው። በዱዓቸው የጠየቁትን እንመልከት። ደረታቸው እንዲሰፋላቸው ጠየቁ፤ ይህ ትዕግሥት ነው። የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታና ንግግራቸውን ሰዎች እንዲረዱት ጠየቁ፤ ይህ ግልጽነት ነው። ወንድማቸው ሃሩን እንዲያግዛቸው ጠየቁ፤ ይህ ምክክር ነው። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። አላህም ለሁለቱ በለዘበ ቃል እንዲናገሩት አዘዛቸው፤ ያውም ፊርዐውንን! እኛ የምንጽፍለት ሰው ከፊርዐውን የከፋ አይደለም፤ እኛም ከሙሳ የተሻልን አይደለንም።

ይህን ወደ ስልካችን እናምጣው። መልስ ከመጻፋችን በፊት ኒያችንን እንይ፤ ለአላህ ነው ወይስ ሰው «አሸነፈው» እንዲለን? ቀጥሎ እናጣራ፤ ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ አዝዛናለች። የአንድ ሰዓት ትምህርት በአንድ ደቂቃ ተቆርጦ ሲመጣ የቀረው 59 ደቂቃ ምን እንደሚል ሳንሰማ አንፍረድ። ስንጽፍም ነጥቡን እንጂ ሰውየውን አንንካ፤ ከየትኛው መዝሀብ እንደምንናገር እናስቀምጥ። ታላቃችን ከተሳሳተ በግሩፑ ፊት አናርመው፤ ለብቻው እንጻፍለት። አንዲት የእህት ልጅ ለአጎቷ እንዲህ ብትጽፍ ምን ይጎድላታል?

«አሰላሙ ዐለይኩም አጎቴ። ትናንት የላኩልንን ድምፅ ሰማሁት፤ አላህ ይስጥልን። በገንዘብ አይሆንም ያሉት የሻፊዒይ መዝሀብ እንደሆነ ሼኻችን ነገሩን። በሐነፊይ ግን ይፈቀዳል ብለዋል። ግሩፑ ላይ ሁለቱንም ቢጽፉልን፣ እርስዎ ሲሉት ሁሉም ይሰማል።»

አጎትየው ክብሩ አልተነካም፤ እውነቱም አልተደበቀም። አንድ ሁለቴ ተናግረን ካልተሰማን ደግሞ እናቁም። ጾመኛ ሲሰደብ ጾመኛ መሆኑን ተናግሮ እንዲተው ተመክሯል፤ ሐቅ ይዞ ሳለ ክርክርን ለተወ ሰውም በጀነት ዳርቻ ቤት ቃል ተገብቶለታል። ምክሩ ለአፍ ብቻ አይደለም፤ ለሚጽፍ ጣትም ነው።

በግልጽ መነጋገር ክርክሩን ራሱን እንደሚያቀልልን አንድ ምሳሌ እናንሣ። ጂዳ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ያሉ ልጆቻችን በረመዳን መጨረሻ ገንዘብ ይልካሉ። ብዙ ጊዜ «ለዒድ ይሁን» ብለው ብቻ ይልካሉ። እናት ለበዓሉ ወጪ ታውለዋለች፤ ልጁ ዘካው የተሰጠለት ይመስለዋል። ይህ የመዝሀብ ልዩነት አይደለም፤ ያልተነገረ ነገር ነው። የሚልክ ሰው እንዲህ ይበል፦ ይህን ያህሉ የዘካተል ፊጥር ነው፤ ለእነ እገሌ፣ ለይህን ያህል ነፍስ፤ ስንዴ ወይም ጤፍ ገዝታችሁ ከዒድ ሶላት በፊት ለችግረኛ አድርሱልኝ። እዚህ ያለው ወኪል ይሆናል፤ ገንዘቡ እህል ሆኖ ይደርሳል። በእህል ይሁን የሚለውም በገንዘብ ይሆናል የሚለውም የሚጣሉበት ነገር የላቸውም።

በሰፈርም እንዲሁ ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ተቀምጠው የችግረኛ ቤቶችን ቢመዘግቡ፣ አንዱ ቤት አራት ጊዜ ደርሶት ሌላው ባዶ እንዳይቀር ቢከፋፈሉ፣ ሶሓባዎች ያደርጉት እንደነበረው ከዒድ በፊት ባለው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያደርሱ፣ ይህ ከመቶ አስተያየት ይበልጣል። የሚስኪኑን ቤት ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ግን ይቅር፤ ክብሩ ሐቁ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ዲንን ከእኛ የሚማሩት ስናስተምራቸው ብቻ አይደለም። ስልካችንን ይዘን ስንቆጣም ያዩናል። በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ስልኩን አስቀምጠን እህሉን አብረን እንስፈር። የትንሹን ልጅ ድርሻ ትልቅ ሰው ሁለት መዳፉን አጋጥሞ ይስፈርለት፤ አራቴ ሲታፈስ ልጁ ሷዕ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሄድም ያውቃል።

አላህ ጾማችንን፣ ቂያማችንንና ዘካችንን ይቀበለን። ደረታችንን ያስፋልን፤ ምላሳችንንና ጣታችንን ይጠብቅልን። አሚን።