የስንዴ ዋግ ትንበያና ሩቅ ያለው ሱፐር ኮምፒውተር፦ መረጃን ሳይጎድልና ሳይሰረቅ ማድረስ እንዴት ይቻላል?

ባሕር ዳር፦ የስንዴ ዋግን ኬላ አያግደውም። ለዓይን የሚያዳግቱት የበሽታው ስፖሮች በነፋስ ተጭነው ተራራና ወሰን እያቋረጡ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጓዛሉ። አርሶ አደሩ በስንዴው ቅጠል ወይም ግንድ ላይ የዋግ ዱቄት ባየ ጊዜ በሽታው ማሳው ውስጥ ከገባ ሰንብቷል። ስለዚህ ዋግን ለመከላከል ከሁሉ የሚሻለው ከነፋሱ ቀድሞ መገኘት ነው። ከነፋስ መቅደም ደግሞ ከባድ ስሌት ይጠይቃል፤ ስሌቱን የሚሠሩት ማሽኖችም አብዛኛውን ጊዜ ከማሳው እጅግ ርቀው የሚገኙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የግብርና ተመራማሪዎች ከእነዚህ ማሽኖች ጋር እንዴት እንደሚገናኙና መረጃቸውን በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስተላልፉ ያብራራል።

ሱፐር ኮምፒውተር ለስንዴ ለምን አስፈለገ?

የዋግን ጉዳት የሀገራችን ስንዴ አምራቾች በሚገባ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ በወቅቱ በስፋት ይዘራ የነበረውን «ኩብሳ» የተባለ ዝርያ ክፉኛ ጎዳ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው «ዲገሉ» የተባለው ዝርያ ተስፋፋ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌና በአርሲ ይህንኑ ዝርያ የግንድ ዋግ አጠቃው፤ ምርታቸውን ሙሉ በሙሉ ያጡ አርሶ አደሮችም ነበሩ። አንዱን በሽታ የተቋቋመው ዝርያ በሌላው መጠቃቱ፣ የተሻሻለ ዘር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አሳይቷል።

የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ግብርና ሚኒስቴር፣ በወቅቱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት)፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እና የብሪታኒያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በጋራ የዘረጉት የዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ይህንን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው። በሥርዓቱ መሠረት ባለሙያዎች በማሳ እየተዘዋወሩ የበሽታውን ክስተት ይመዘግባሉ። መረጃው ከአየር ሁኔታ ትንበያ ጋር ተጣምሮ፣ ስፖሮቹ በቀጣዮቹ ቀናት ወዴት ሊነፍሱና የት ሊያርፉ እንደሚችሉ በኮምፒውተር ይሰላል። የስፖሮቹን ጉዞ የሚያሰላው «ኔም» የተባለው የብሪታኒያ ሞዴል በመጀመሪያ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል የኑክሌር አደጋ በኋላ፣ በአየር ላይ የሚጓዝን ጨረር አመንጪ ብናኝ ለመከታተል ነበር። የስሌቱ ውጤት በኢትዮጵያ ባለሙያዎች ከታየ በኋላ ምክረ ሐሳብ ሆኖ ወደ ግብርና ባለሙያዎችና ወደ አርሶ አደሩ ይወርዳል።

ሌላው ምክንያት የስንዴው ተፈጥሮ ራሱ ነው። ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው የዳቦ ስንዴ የዘረ መል ካርታ ከ107 ሺህ በላይ ጂኖችን የያዘ ነው። የዳቦ ስንዴ ዘረ መል ርዝመት ከሰው ልጅ ዘረ መል አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የአንድን የስንዴ ዝርያ ሙሉ ዘረ መል በጥልቀት ለማንበብ የሚወጣው ፋይል ከ100 ጊጋባይት በላይ ሊሆን ይችላል። ይህን በቢሮ ኮምፒውተር ልተንትን የሚል ተመራማሪ ወቅቱ ያልፍበታል።

ክላስተር፦ የኮምፒውተሮች ኩታ ገጠም

«ክላስተር» የሚለው ቃል ለገጠሩ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኩታ ገጠም እርሻ የየራሳቸው ማሳ ያላቸው አርሶ አደሮች በአንድ ላይ አርሰው፣ አንድ ዓይነት ዘር ዘርተው፣ በአንድ ጊዜ ያጭዳሉ። የኮምፒውተር ክላስተርም በዚሁ ሐሳብ የተመሠረተ ነው። በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች እጅግ ፈጣን በሆነ መረብ ተያይዘው አንድን ትልቅ ሥራ ተከፋፍለው ይሠራሉ።

በአፍሪካ ከሚታወቁት መካከል በኬፕታውን የሚገኘው «ሌንጋው» ይጠቀሳል፤ ስሙ በሴትስዋና ቋንቋ አቦሸማኔ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር በሴኮንድ አንድ ሺህ ትሪሊዮን ገደማ ስሌት የመሥራት አቅም ነበረው። ዋና ግቢዎቹ በናይሮቢና በአዲስ አበባ የሆኑት ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ደግሞ ተመራማሪዎች ከርቀት የሚጠቀሙበት ክላስተር አለው።

ተመራማሪው እነዚህን ማሽኖች በአካል አያያቸውም። ከቢሮው ሆኖ በኢንተርኔት የሚደርሰው ወደ «መግቢያ ኮምፒውተር» ብቻ ነው። እዚያ ሆኖ ሥራውን ያዘጋጃል እንጂ ከባድ ስሌት አያስኬድም። የሥራ ትእዛዙን ጽፎ ወረፋ ለሚያስይዘው ፕሮግራም ይሰጣል። «ስለርም» የተባለው ይህን መሰል ፕሮግራም ልክ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ ማን ስንት ኮምፒውተር ለስንት ሰዓት እንደጠየቀ መዝግቦ፣ ቦታ ሲገኝ ሥራውን በየተራው ያሳፍራል። በመግቢያው ኮምፒውተር ላይ ከባድ ሥራ የሚያስኬድ ሰው የሌሎቹን መንገድ ይዘጋል፤ አስተዳዳሪዎቹም ሥራውን ያቋርጡበታል።

ደብዳቤው እንዲታሸግ

በቀድሞው ዘመን ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ለመገናኘት ይውሉ የነበሩት «ቴልኔት» እና «ኤፍ ቲ ፒ» የተባሉት መንገዶች የይለፍ ቃልን ሳይቀር በግልጽ ይልኩ ነበር። ይህ ያልታሸገ ደብዳቤ በብዙ ሰው እጅ እንደመላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃላት ተጠልፈው ከተሰረቁ በኋላ፣ በዚያው ይሠራ የነበረው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን «ኤስ ኤስ ኤች» የተባለውን ዘዴ ፈጠረ። ስሙ አስተማማኝ መግቢያ እንደማለት ነው። ዛሬ ወደ ክላስተሮች ለመግባት በስፋት የሚያገለግለው ይህ ዘዴ ነው።

ኤስ ኤስ ኤች ሦስት ነገሮችን ያረጋግጣል። አንደኛ፣ የሚተላለፈው ሁሉ ስለሚመሰጠር በመንገድ ላይ የሚጠልፍ ሰው ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ያገኛል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ በመንገድ ላይ ቢነካካ ወዲያውኑ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተጠቃሚው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ ኮምፒውተሩ የክላስተሩን «አሻራ» በፊደልና በቁጥር አሳይቶ «ይህን ታምነዋለህን?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎች ሳያነቡ «አዎ» ይላሉ። ትክክለኛው አሠራር ግን የክላስተሩ አስተዳዳሪዎች ካሳወቁት አሻራ ጋር አስተያይቶ መቀበል ነው። ከዚያ በኋላ በሌላ ቀን አሻራው ተለውጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ቆም ብሎ አስተዳዳሪዎቹን መጠየቅ ይገባል። ማሽኑ ታድሶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው መሐል ገብቶም ሊሆን ይችላል።

ጓጉንቸሩና መክፈቻው

የይለፍ ቃል ሊገመትና ሊሰረቅ ስለሚችል ብዙ ክላስተሮች የቁልፍ ጥንድ እንዲዘጋጅ ይጠይቃሉ። ጥንዱን ተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራዋል። አንደኛው «ይፋዊ ቁልፍ» ይባላል፤ ጓጉንቸር ማለት ነው። ለክላስተሩ ተልኮ በተጠቃሚው በር ላይ ይንጠለጠላል፤ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። ሁለተኛው «የግል ቁልፍ» ነው፤ መክፈቻው ይኸው ነው። ይህ ከባለቤቱ ኮምፒውተር ፈጽሞ መውጣት የለበትም። በኢሜይልም፣ በቴሌግራምም፣ በፍላሽም ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ በክላስተሩ ላይም አይቀመጥም። በላዩ ላይ ጠንካራ የይለፍ ሐረግ ከተደረገበት ላፕቶፑ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው መክፈቻውን ሊጠቀምበት ይቸገራል።

ጥንቃቄው የተጋነነ የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2020 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በኤድንብራ ይገኝ የነበረው «አርቸር» የተባለው የብሪታኒያ ሱፐር ኮምፒውተር እንዲሁም በጀርመን የሚገኙ በርካታ የስሌት ማዕከላት ሰርጎ ገቦች ስለደረሱባቸው አገልግሎታቸውን ለማቋረጥ ተገደዱ። ጊዜው በኮሮና ወረርሽኝ ላይ የሚደረገው ምርምር የተፋፋመበት ነበር። የአውሮፓ የጸጥታ ባለሙያዎች እንዳሳወቁት ጥቃት አድራሾቹ የተጠቀሙት የተሰረቁ የተጠቃሚዎችን የኤስ ኤስ ኤች መግቢያዎች ነው፤ ከአንዱ ማዕከል ወደ ሌላው የተሻገሩትም በዚሁ መንገድ ነው። የምስጠራው ዘዴ አልተሰበረም፤ የተሰረቀው መክፈቻ ነው። የአርቸር ተጠቃሚዎች ሁሉ የይለፍ ቃላቸውንና ቁልፋቸውን እንደገና እንዲያዘጋጁ ተደርጓል። የጥቂት ሰዎች ቸልተኝነት የሁሉንም ሥራ ሊያስቆም እንደሚችል ይህ ግልጽ ማስረጃ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ማዕከላት ከቁልፉ በተጨማሪ በስልክ ላይ የሚታይ ጊዜያዊ ቁጥር መጠየቅን ግዴታ አድርገዋል።

ፋይል ሲላክና ሲመለስ

በሩ ከተከፈተ በኋላ ፋይሎች በዚያው በተመሰጠረ መንገድ ያልፋሉ። ለዚህ ሦስት መሣሪያዎች በብዛት ይሠራሉ። «ኤስ ሲ ፒ» ጥቂት ፋይሎችን በአንድ ትእዛዝ ለመቅዳት ይመቻል። «ኤስ ኤፍ ቲ ፒ» በሩቁ ኮምፒውተር ማህደሮች ውስጥ እየተዘዋወሩ ለመላክና ለመቀበል ያስችላል፤ ትእዛዝ መጻፍ የማይወዱ ሰዎች «ፋይልዚላ» ወይም «ዊንኤስሲፒ» በተባሉት ፕሮግራሞች አማካይነት በመስኮት ይጠቀሙበታል። ሦስተኛው «አርሲንክ» ነው።

በእኛ ሁኔታ ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠቅመው አርሲንክ ነው። ምክንያቱ በስሌት ይታያል። 100 ጊጋባይት ፋይል በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ለመላክ፣ መስመሩ አንዴም ባይቋረጥ ከ22 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በዚህ መሐል ኤሌክትሪክ ወይም ኢንተርኔት መቋረጡ የተለመደ ነው። ተራው ቅጂ ሲቋረጥ ከመጀመሪያው ይጀመራል። አርሲንክ ግን በከፊል የተላከውን እንዲያስቀር ከታዘዘ፣ መስመሩ ሲመለስ የቀረውን ብቻ ይልካል። በማግስቱ ጥቂት ፋይሎች ቢቀየሩም የተቀየረውን ለይቶ ይወስዳል። ከመላክ በፊት ፋይሉን ማመቅ ደግሞ ጊዜውንና የኢንተርኔት ወጪውን ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ ሥራው ራሱ ይጠፋል ብሎ መስጋት ግን አያስፈልግም። ለተራ አስከባሪው ፕሮግራም የተሰጠ ሥራ የባለቤቱ ላፕቶፕ ቢጠፋም በክላስተሩ ላይ ይቀጥላል። በመግቢያው ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ የሥራ ገጽም «ቲሙክስ» በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ከተከፈተ፣ ግንኙነቱ ሲመለስ ከቆመበት ይገኛል።

ጭነት ሲነሣ ጆንያው ተቆጥሮ ሲራገፍም ተቆጥሮ እንደሚረከቡት ሁሉ ፋይልም ይቆጠራል። «ሻ 256» የተባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል አንድ አጭር አሻራ ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ከመላኩ በፊትና ከደረሰ በኋላ የወጡት አሻራዎች አንድ ከሆኑ ፋይሉ ሙሉ ነው። ጎደሎ የቅኝት መረጃ የገባበት ስሌት የስሕተት መልእክት ላያሳይ ይችላል፤ የሚያሳየው የተሳሳተ ካርታ ነው። በዚያ ካርታ ምክንያት አንዱ አርሶ አደር ያለ ፍላጎቱ ለፀረ ዋግ ኬሚካል ገንዘብ ያወጣል፤ ሌላው ሳይረጭ ይቀራል።

ውጤቱ ከተገኘ በኋላም ወደ ራስ ኮምፒውተር ማውረድ አይዘገይም። በብዙ ክላስተሮች የሥራ ማስቀመጫው ጊዜያዊ ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂ አይያዝለትም፣ የቆየ ፋይልም ይሰረዛል።

የአርሶ አደሩ መረጃ የአርሶ አደሩ ነው

የማሳ ቅኝት ፋይል የበሽታ ቁጥር ብቻ አይይዝም። የአርሶ አደሩ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የማሳው ትክክለኛ መገኛ ሊገባበት ይችላል። በሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለውን መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታም ሆኗል። ለስሌቱ የማያስፈልገውን ስምና ስልክ ከመላክ በፊት ማውጣት ከሁሉ የቀለለው ጥበቃ ነው፤ ያልተላከ ነገር በመንገድ ላይ አይሰረቅምና።

ከላይ የተዘረዘሩት መሣሪያዎች በአብዛኛው በነፃ የሚገኙ ናቸው። በሊኑክስና በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ኤስ ኤስ ኤች አብሮ ይመጣል፤ በቅርብ ዓመታት የዊንዶውስ ዕትሞችም ላይ ይገኛል። ስለዚህ በምርምር ማዕከላትና በግብርና ኮሌጆች ያሉ ወጣት ባለሙያዎች ሥራውን ለመማር ውድ ዕቃ እስኪገዛ መጠበቅ አይኖርባቸውም። የሚያስፈልገው ልማድ ነው፦ አሻራን ማስተያየት፣ መክፈቻን ለማንም አለማዋስ፣ ፋይልን ቆጥሮ መላክና ቆጥሮ መረከብ፣ ላፕቶፕ ሲጠፋ ወይም ቁልፍ ሲያጠራጥር በዚያው ሰዓት ለአስተዳዳሪዎቹ ማሳወቅ። ማስጠንቀቂያው ከነፋሱ ቀድሞ ማሳው ላይ የሚደርሰው በማሽኑ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ መረጃውን በያዘው ሰው ጥንቃቄም ጭምር ነው።