ከሰደድ እሳት መትረፍ፣ ማገገምና መጽናናት

ሰደድ እሳት ደረቅ ዕፅዋትና ኃይለኛ ነፋስ ሲገናኙ ከሰፈር ሰፈር በፍጥነት የሚዛመት አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተነሡት የፓሊሴድስና የኢተን እሳቶች ከ16,000 በላይ ሕንፃዎችን አውድመዋል፤ ነፋስ የተሸከመው ፍንጣሪ ከእሳቱ ቀድሞ ቤቶችን ያቀጣጥል ነበር።

ዋናው ጥበቃ ቀድሞ መውጣት ነው። አረጋውያን፣ ሕፃናትና ሕሙማን የመልቀቂያ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ቢወጡ ይመረጣል። መድኃኒት፣ መታወቂያና የቤት ሰነዶች አስቀድመው በአንድ ቦርሳ ይዘጋጃሉ። የጨርቅ ጭንብል የጢስን ደቃቅ ብናኝ በሚገባ ስለማያግድ ኤን 95 ጭንብል ያስፈልጋል።

ወደ ቤት የሚመለሱት ባለሥልጣናት ሲፈቅዱ ብቻ ነው። አመዱ እርሳስና አስቤስቶስ ሊይዝ ስለሚችል ያለጓንትና ያለጭንብል አይነካም፤ በደረቁም አይጠረግም። ፍርስራሹ ከመጸዳቱ በፊት ለመድን ካሳ የሚሆን ፎቶግራፍ ሊነሣ ይገባል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና ጢስ በሸተተ ቁጥር መደንገጥ ከአደጋ በኋላ የሚጠበቁ ናቸው። የዕለት ተዕለት ልማድን መቀጠል፣ የአደጋ ዜና መቀነስና ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር መነጋገር ያቀልላቸዋል። ከሳምንታት በኋላም ካልቀነሱ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የአደጋ ጊዜ የጭንቀት እርዳታ መስመር፣ 1-800-985-5990፣ ቀንና ሌሊት በነፃ፣ በአስተርጓሚም ጭምር ያገለግላል።