ተልባና የተቆጣ አንጀት

ሆዱን ለደረቀው፣ ጨጓራው ለነደደው ተልባ በጥብጦ መስጠት በየቤታችን የቆየ ልማድ ነው። ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይተስ ግን ከዚህ እጅግ የከበዱ ሕመሞች ናቸው። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሣል፤ ቁርጠት፣ ክሳት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይከተላል። ጋብ ይላሉ፣ ያገረሻሉ።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» ብሎ መተው አያዋጣም። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲገቡ ብዙም አልታየባቸውም ነበር፤ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ግን በሽታው በመካከላቸው መታየት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢንፍሊክሲማብ የተባለ መድኃኒትና ተከታዮቹ ብዙዎችን ታድገዋል፤ ዋጋቸው ግን የድሃ አገር ሕመምተኛ አቅም አይደለም። ለዚህ ነው የተልባንና የመሰል ዘሮችን ነገር በቁም ነገር መያዝ ያለብን።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የስፔን ጥናት ነው። አልሰራቲቭ ኮላይተስ ጋብ ያለላቸው 105 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። አንዱ ቡድን ሲሊየም የተባለው አሠር ከሚገኝበት ተክል 20 ግራም ዘር በየቀኑ ወሰደ፤ ሁለተኛው ሜሳላሚን የተባለውን የታወቀ መድኃኒት፤ ሦስተኛው ሁለቱንም። ሕክምናው ያልሠራላቸው በቅደም ተከተል 40፣ 35 እና 30 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ የሰዎቹም ቁጥር ትንሽ ስለሆነ «ዘሩ ከመድኃኒቱ እኩል ነው» ለማለት አይበቃም። ዘሩ ሊረዳ የሚችልበት መንገድ ግን ይገመታል፦ የዘሩን አሠር የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ቡቲሬት ይወጣል፤ የትልቁ አንጀት ሽፋን ዋና ምግቡ ይኸው ነው።

ተልባም በኢራን ተሞክሯል። በቀን 30 ግራም ዱቄት ለ12 ሳምንት የወሰዱ ሕሙማን የብግነት ምልክታቸው ቀንሷል። ሆኖም የሚወስዱትን ያውቁ ስለነበር ተስፋቸው ውጤቱን አላገዘም ማለት አይቻልም። የጥቁር አዝሙድ ዝና ደግሞ በአብዛኛው ከአይጥ ሙከራ የመጣ ነው፤ አይጥን ያሻለ ሁሉ ሰውን አያሽልም።

ዘሩን ብሎ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ሕመሙን ይጠራል። ክሮንስ አንጀቱን ያጠበበት ሰው ደግሞ አሠር የበዛበት ዘር ሊዘጋበት ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ማንም ለብቻው ባለቤት ሊሆንበት በማይችል ዘር ላይ ለሚደረግ ትልቅ ጥናት የመድኃኒት ኩባንያዎች እምብዛም አይከፍሉም። ኢትዮጵያ ግን ብዙ ዓይነት ተልባ የሚበቅልባት አገር ናት። የሕክምናና የግብርና ተመራማሪዎቻችን ተቀናጅተው ይህን ጥናት በሰው ላይ፣ በሥርዓቱ ይጀምሩት።