ሰንበት የሌለባቸው ካሴቶች

በትምህርት ክፍላችን ስለ ቤተ መዛግብት ሲነሳ ቶሎ የሚመጣልን የመንግሥት ሰነድ ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ግን እስራኤል ውስጥ እኔ በምጸልይበት የቤተ እስራኤል ምኩራብ በካርቶን ተጠራቅመው ስለነበሩ የቤት ቪዲዮዎች ነው። አርባ አንድ የቪኤችኤስ ካሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከዘመቻ ሰሎሞን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1991 በኋላ ባሉት ዓመታት የተቀረጹ ሲሆኑ፣ ምእመናኑ ወደ ኮምፒውተር እንዳስገባቸው ከየቤታቸው ያመጡልኝ ናቸው።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ መጫወት አለበት፣ አቋራጭ የለውም። መጀመሪያ ሻጋታ መኖር አለመኖሩን አያለሁ፤ ሻጋታ ያለበት ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ ሄዱን ያበላሻል፣ ለቀጣዩም ካሴት ይተርፋል። ከዚያ እስከ መጨረሻው አጠንጥኜ እመልሰዋለሁ። ለማቆያ የሚሆነውን ቅጂ ከምስሉ ምንም በማይቀንስ ዘዴ፣ ለማያ የሚሆነውን ደግሞ በኤምፒ4 አስቀምጣለሁ። መቸኮሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በክሩ ላይ ያለው የማግኔት ዱቄት ማጣበቂያ በእርጥበትና በሙቀት ይላላል። ዴክ የሚሠራው የመጨረሻው ትልቅ ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረት ስላቆመ ያረጀውን እየጠገኑ መኖር ነው።

ታዲያ አርባ አንዱን ሳገላብጥ ያስተዋልኩት ነገር፣ አንድም የሰንበት ጸሎት አለመኖሩን ነው። ሠርግ አለ፣ ስግድ አለ፣ ባር ሚጽቫም አለ፤ እሱም ቢሆን ኦሪት በምኩራብ በሚነበብባቸው የሥራ ቀናት፣ ሰኞ ወይም ሐሙስ የተደረገው ነው። በሰንበት ኤሌክትሪክ ማብራትና መቅረጽ ክልክል ነውና ካሜራ አይገባም። ፊልሞቹን ብቻ ያየ ሰው ይሄ ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ እስክስታ ሲመታ የሚውል ይመስለዋል! የሳምንቱ ዋና ቀን፣ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ለሁሉ የሚያካፍሉበት፣ ከስብስቡ ውጭ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ፊልሞች ለመረዳት ሰንበት ሰንበት ምኩራብ መገኘት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። በፊልሙ ላይ በነጭ ነጠላ የቆመው ሽማግሌ ማን እንደሆነ የሚያውቁት እዚያ ናቸው። ከጸሎት በኋላ ዳቦው እየተበላ ወሬ ሲነሳ፣ እገሌ የእገሌ አማች ነው፣ ሱዳን ላይ የቀረችው እህቱ ናት እየተባለ ይወጣል። ችግሩ በሰንበት መጻፍም አይፈቀድም። የሰማሁትን በቃሌ ይዤ ሦስት ከዋክብት እስኪታዩ መጠበቅ ነው፤ ማታውኑ ቤት ገብቼ እጽፋለሁ፣ የተጠራጠርኩትን ደግሞ በሥራ ቀን ሄጄ እጠይቃለሁ። ያለ ስም «ሠርግ 7» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል፣ የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ በኋላ ምን ይጠቅማል?

አንዱን ካሴት ለብቻው ላንሳ። ስግድ ላይ፣ ኢየሩሳሌም በአርሞን ሀናጺቭ ኮረብታ የተቀረጸ ነው። ባለቤቶቹ ቤታቸው ባለው ዴክ ሲያዩት የሚሰሙት የኪቦርድ ዘፈን ብቻ ነበር፤ ቀራጩ ለማሳመር ብሎ ጭኖበታል። አሁን በተሻሉ መሣሪያዎች የተቀረጸ ቪኤችኤስ ላይ ድምፅ በሁለት ቦታ ይኖራል። አንዱ በክሩ ጠርዝ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው፣ ሃይ-ፋይ የሚባለው፣ ከምስሉ ሥር የተቀበረ ነው። በጠርዙ ላይ ዘፈን መጫን ይቻላል፤ የተቀበረውን ግን ምስሉን ሳያጠፉ መሰረዝ አይቻልም። ዋናው ካሴት ስለሆነ በሃይ-ፋይ ዴክ ሳጫውተው ዘፈኑ ጠፋና የቄሶቹ የግዕዝ ጸሎት ከነነፋሱ መጣ።

ከሚጸልዩት አንዱ አሁን በሕይወት የሉም። ልጃቸውን አስቀድሜ «ድምፃቸውን መስማት ይፈልጋሉ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይቀርብም። ማክሰኞ ማታ መጡ። ሁለት ጊዜ ሰሙትና፣ ጸሎቱን ለሚማረው የልጅ ልጃቸው ቅጂ ጠየቁ። ፋይሉን ከሁለቱም ድምፆች ጋር አስቀምጠነዋል፤ ዘፈኑም አልተሰረዘም፣ ቤተሰቡ እሱንም ይወደዋል።