«መፈጨት»፣ «ልመት» እና የኢንዛይም ሥራ

ምግብ በሆድ ውስጥ ስለሚደርስበት ለውጥ በአማርኛ በሚጻፉ የትምህርትና የጤና ጽሑፎች ውስጥ አንዱ ፅንሰ ሐሳብ በሦስት ቃላት ሲገለጽ እናገኛለን። እነዚህም «መፈጨት»፣ «ልመት» እና «እንሽርሽሪት» ናቸው። ተርጓሚው ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው ባብዛኛው በልማድ ነው፤ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱንም ሲያፈራርቅ ይታያል። ምርጫው የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባላቀረብን ነበር። ነገር ግን ቃሉ በአንባቢው ልቡና የሚቀርጸው ሥዕል የኢንዛይምን ሥራ እንዲረዳ ወይም እንዲስት ስለሚያደርገው፣ ከቃላቱ ጋር ነገሩን ራሱን መመርመር ያስፈልጋል።

«መፈጨት» የወፍጮ ቃል ነው። እህል በወፍጮና በመጅ መካከል ሲገባ ይደቃል እንጂ ባሕርዩ አይለወጥም፤ የጤፍ ዱቄት ያው ጤፍ ነው። «ልመት»ም ከዚሁ ማጀት ብዙ አልራቀም፤ «የላመ ዱቄት» ስንል በሚገባ የደቀቀውን ማለታችን ነውና። «እንሽርሽሪት» ደግሞ «ተንሸራሸረ» ከሚለው ግሥ የወጣ እንደመሆኑ፣ የምግቡን መዘዋወር እንጂ የሚደርስበትን ለውጥ አይነግረንም። እንግዲህ ሦስቱም ማድቀቅን ወይም መንቀሳቀስን ይይዛሉ፤ ዋናውን ነገር፣ ይኸውም ምግቡ ወደ ሌላ ነገር መለወጡን፣ አንዳቸውም በግልጽ አይዙም።

ይህ ችግር የአማርኛ ብቻ አይደለም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮጳ ሊቃውንት ሆድ ምግብን ይፈጫል ወይስ ያሟሟል በማለት ይከራከሩ ነበር። ዶሮና መሰሎቿ ጠጠር እየዋጡ እህሉን በውስጣቸው ማድቀቃቸው የመፍጨትን ሐሳብ የሚያጠናክር መስሎ ይታይ ነበር። ሬዮሚር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1752 ይፋ ባደረገው ጥናቱ ነገሩን በፈተና አረጋገጠ። ሥጋ በብረት ቱቦ ውስጥ ከትቶ፣ ጫፎቹን በወንፊት መሰል ሽቦ ዘግቶ፣ ከጭልፊት ወገን ለሆነ አሞራ አስዋጠ። አሞራው የማይስማማውን ነገር መልሶ የመትፋት ልማድ አለው። የተተፋው ቱቦ አልተጨፈለቀም፤ በውስጡ የነበረው ሥጋ ግን ተሟሙቶ ተገኘ። ጡንቻ ሊደርስበት በማይችል ስፍራ የነበረውን ሥጋ የለወጠው የሆድ ፈሳሽ ነበር ማለት ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ሠሪ ነገር ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን እ.ኤ.አ. በ1836 ለይቶ «ፔፕሲን» ሲል ሰየመው። «ኢንዛይም» የሚለውን የወል ስም ደግሞ ቪልሄልም ኩን በ1870ዎቹ «በእርሾ ውስጥ» ከሚል የግሪክኛ ሐረግ አወጣ። የእርሾን ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ማስተዋወቅ አያሻም፤ ቢሆንም ቃሉ በትምህርት ቤትም በሕክምናም ስለተለመደ እንዳለ መያዙ ይሻላል እንላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስታርች እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው የቆሙ ብዙ የግሉኮስ ቅንጣቶች ሰንሰለት ነው። እንጀራውን የቱንም ያህል ብናላምጠው ሰንሰለቱ ሰንሰለት እንደሆነ ይቀራል፤ የአንጀት ግድግዳም አያሳልፈውም። በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ ሰንሰለቱን ይይዝና በማያያዣው ላይ ውሃ እንዲገባ በማድረግ ይበጥሰዋል። ከዚያም ራሱ ሳያልቅ ወደ ሌላው ይሻገራል። ውሃው ብቻውን ቢተው ያንኑ ሥራ ይሠራው ነበር፤ ግን ከሕይወት ጋር ፈጽሞ በማይመጣጠን ዝግታ ነው። ስለዚህ ኢንዛይም «አፋጣኝ» ቢባል ያስኬዳል። ማላመጥና የጨጓራ መናጥ ጥቅማቸው ምግቡን ከፋፍለው ኢንዛይሙ የሚያርፍበትን ገጽ ማስፋት ነው። «መፈጨት» የሚለው ቃል ትክክለኛ ስፍራው በዚህ ላይ ይመስለናል።

ኢንዛይም ሁሉን አይነካም። አሚሌዝ ሥጋን፣ ፔፕሲን ስታርችን አይበጥስም። ለቋንቋ ሰው ይህን ለማስረዳት ተሻጋሪ ግሥ ይበቃል፤ «ጠጣ» የሚለው ግሥ ማንኛውንም ስም በተሳቢነት እንደማይቀበል ሁሉ፣ ኢንዛይምም የሚቀበለው ከቅርጹ ጋር የሚገጥመውን ብቻ ነው። ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ግንኙነቱን በቁልፍና በመቆለፊያ መስሎታል። ዳንኤል ኮሽላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ኢንዛይሙ የሚይዘውን ሲያገኝ ቅርጹን በመጠኑ እንደሚያስተካክል በመግለጽ ምሳሌውን አሻሻለው። ከዚህ ጋር የስያሜው ሥርዓት ይታሰብ። አሚሌዝ፣ ሊፔዝ፣ ፕሮቲኤዝ በሚሉት ስሞች የመጀመሪያው ክፍል የሚበጠሰውን ነገር፣ «-ኤዝ» የሚለው መድረሻ ደግሞ ኢንዛይምነቱን ያመለክታል። ፔፕሲንና ትሪፕሲን ከዚህ ሥርዓት በፊት የወጡ ስሞች በመሆናቸው መድረሻው የላቸውም። ተርጓሚው አንድ ጊዜ «ሊፔዝ»፣ ሌላ ጊዜ «ሊፓስ» ቢል ይህ ምልክት ይጠፋል። በነገራችን ላይ ሐሞት ኢንዛይም አይደለም፤ ቅባትን በጥቃቅን ጠብታ ይበትናል እንጂ አይበጥስም። በሁለቱም ስፍራ «ያልማል» ብሎ መጻፍ ልዩነቱን ያደፈርሳል።

የኢንዛይምን ኀይል ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኞቹ ሙቀትና የአሲድ መጠን ናቸው። ሙቀት ሲጨምር ሥራው ይፈጥናል፤ የሰው ኢንዛይሞች አብዛኞቹ በ37 ዲግሪ አካባቢ ደኅና ይሠራሉ። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን የፕሮቲኑ እጥፋት ይፈታና ቅርጹ ይፈርሳል። እዚህ ላይ በብዙ ትርጉሞች «ኢንዛይሙ ይሞታል» የሚል እናነባለን። ኢንዛይም ሕይወት የለውምና አይሞትም፤ «ቅርጹ ይፈርሳል» ቢባል ትክክል ነው። ብርድም «ገደለው» መባሉ የባሰ ስሕተት ነው። ብርድ ያዘገየዋል እንጂ ባብዛኛው አያፈርሰውም፤ ሲሞቅም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን በተግባር ያውቁታል። ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ያለው በብቅሉ ነው፤ ስለዚህ ብቅሉ በፀሐይ ይደርቃል እንጂ እንደ አሻሮ አይቆላም። ፓየንና ፔርሶዝ የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1833 «ዲያስቴዝ» ብለው የለዩትም ከዚሁ ከገብስ ብቅል ነበር።

አሲድን በሚመለከት ፔፕሲን በጨጓራ ኃይለኛ አሲድ ውስጥ፣ ፒኤች 2 አካባቢ ይበረታል። ምራቅ ለዘብተኛ ስለሆነ አሚሌዝ እዚያ ይሠራል፤ ጨጓራ ሲደርስ ግን ኀይሉን ያጣል። ከቆሽት የሚመነጨው ትሪፕሲን ፒኤች 8 አካባቢ ይስማማዋል። ትሪፕሲን ከቆሽት የሚወጣው ገና ሳይነቃ ነው፤ የሚነቃው አንጀት ሲደርስ ነው። ጊዜውን ሳይጠብቅ በቆሽቱ ውስጥ ቢነቃ ያንኑ አካል መብላት ይጀምራል። «ቆሽቴ አረረ» የሚለው አነጋገር ከዚህ ሕመም ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ቢሆንም ለመምህር ይጠቅማል።

ስለዚህ የምንመርጠው አጠቃቀም ይህ ነው፦ ለሂደቱ በጠቅላላው «ልመት»፤ ለማላመጥና ለመናጥ «መፈጨት»፤ ለምግቡ ጉዞ «እንሽርሽሪት»፤ ለኢንዛይም ሥራ «መበጠስ»። «ልመት»ን የመረጥነው ከማድቀቅ ትርጉሙ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ መሣሪያውን ሳይሆን ውጤቱን ስለሚያመለክት ነው።

የአለያየቱ ጥቅም በመድኃኒት መግለጫ ትርጉም ላይ ጎልቶ ይታያል። ቆሽታቸው በቂ ኢንዛይም ለማያመነጭ ሕሙማን ኢንዛይሙ በእንክብል ይሰጣል። በእንክብሉ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች አሲድን በሚቋቋም ልባስ ስለተሸፈኑ ከጨጓራ አልፈው በአንጀት ይሟሟሉ። ፍሬው ቢፈጭ ወይም ቢላመጥ ልባሱ ይሰበርና ኢንዛይሙ በአሲዱ ይበላሻል። መግለጫውን የሚተረጉም ሰው በአንድ መስመር «መድኃኒቱ ምግብ እንዲፈጭ ይረዳል»፣ በሚቀጥለው «አይፈጭ» ብሎ ቢጽፍ ሕመምተኛው ግራ ይጋባል። «መድኃኒቱ ለምግብ ልመት ይረዳል፤ ፍሬዎቹን ሳይፈጩና ሳያላምጡ ይዋጡ፤ ትኩስ ምግብ ላይም አይነስንሱ» ቢባል ግን ትእዛዙ ከነምክንያቱ ይገባል።